ላረጀች ድመት የቱ ይሻላል? ምግብ፣ መድኃኒትና ሕክምና ስንመርጥ

ድመት ሕመሟን አታሳብቅም። እኛ ደግሞ "እርጅና ነው" ብለን እናልፈዋለን። ከመዝለል ቀረች፣ እርጅና ነው። ከሳች፣ እርጅና ነው። ውሃ አበዛች፣ ያው እርጅና ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከጀርባው ስም ያለው በሽታ አለ። ለበሽታውም ከአንድ በላይ ሕክምና አለ። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ የቱ?

ከወዲሁ አቋሜን ልናገር። በወረቀት ላይ አንደኛ የሆነ ሕክምና ድመቷ ካልተቀበለችው ወይም እናንተ በሁለት ወር ውስጥ ከሰለቻችሁ አንደኛ አይደለም። ያረጀች ድመት በሽታ አብዛኛው አብሮ የሚኖር እንጂ በሳምንት የሚድን አይደለም። ስለዚህ "የቱ ይበልጣል?" ከማለት በፊት "የቱን ከስድስት ወር በኋላም እየሰጠሁ እገኛለሁ?" ማለት ይሻላል።

መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዚያ ምርጫ

ብዙ ውሃ መጠጣት የኩላሊት ድካም ሊሆን ይችላል። ስኳር ሊሆን ይችላል። የታይሮይድ እጢ ሥራ መብዛትም ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ድመቷን ያከሳሉ። አንዳንዴ ሁለቱ አንድ ላይ ይመጣሉ። እንግዲህ በግምት የኩላሊት ምግብ ገዝቶ መጀመር ስኳር ያለባትን ድመት ወራት ሊያስከፍላት ይችላል።

አንድ ፍንጭ ልስጣችሁ። እየበላች የምትከሳ ከሆነ ታይሮይድ ወይም ስኳር ቀድሞ ይጠረጠራል። መብላት እየቀነሰች የምትከሳ ከሆነ ኩላሊት፣ ጥርስ ወይም አንጀት። ፍንጭ ነው እንጂ ምርመራ አይደለም።

ድመት ከ10 ዓመት ካለፈች በዓመት አንዴ መታየት አይበቃትም፤ በየስድስት ወሩ ይሁን። የእኛ አንድ ዓመት ለእሷ ብዙ ነው። በዚያ ጉብኝት ክብደት፣ የደም ግፊት፣ የደምና የሽንት ምርመራ፣ የታይሮይድ ሆርሞን መጠን መካተት አለበት። በጀቱ ሁሉንም ካልቻለ ሽንቱን አትዝለሉት። ኩላሊት ሽንትን የማጠንከር አቅሙ ሲቀንስ የሚያሳየው እሱ ነውና።

በደም ምርመራው ላይ ሁለት የኩላሊት መለኪያዎች ታያላችሁ፤ ክሬቲኒንና ኤስዲኤምኤ። ክሬቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነው። ያረጀች ድመት ጡንቻዋ ስለሚሟሽሽ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ "ደህና ናት" ሊያስብል ይችላል። በዚያ ላይ ክሬቲኒን ከፍ የሚለው ከኩላሊቱ ሥራ 75 በመቶ ያህሉ ከጠፋ በኋላ ነው። ኤስዲኤምኤ ጡንቻ አያታልለውም፣ ቀደም ብሎም ይነቃል፤ በአማካይ 40 በመቶ ያህሉ ሲጠፋ። ለከሳች ድመት የግድ አንዱን ምረጡ ከተባልኩ ኤስዲኤምኤን እመርጣለሁ። ሁለቱም ቢታዩ ግን ይሻላል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሚዛን። የሕፃን መመዘኛ ካገኛችሁ እሱን፤ ግራሙን ያሳያል። ድመቷን አቅፎ የሰው ሚዛን ላይ ወጥቶ መቀነስም ይቻላል፣ ግን ትንሽ ለውጥ ያመልጠዋል። 5 ኪሎ የነበረች ድመት ግማሽ ኪሎ ከቀነሰች 10 በመቶዋ ሄደ ማለት ነው። 70 ኪሎ ሰው 7 ኪሎ ቢቀንስ ቤተሰቡ ሁሉ ይደነግጥ የለ? በወር አንዴ መዝኑና ጻፉት።

እርጥብ ምግብ ወይስ ደረቅ?

የታሸገው እርጥብ ምግብ ከ75 እስከ 80 በመቶው ውሃ ነው። ደረቁ 10 በመቶ አካባቢ። ድመት በተፈጥሮዋ ውሃ ፍለጋ የምትሄድ እንስሳ አይደለችም፤ ከምትበላው ነው የምታገኘው። ለደከመ ኩላሊት፣ ለሆድ ድርቀት፣ ለሽንት ችግርና ለስኳር እርጥቡ ይበልጣል። ደረቁ የሚያሸንፈው በአንድ ነገር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሳይበላሽ ይቀመጣል። ቀስ እያለች ቆንጥራ ለምትበላ ድመት ያ ቀላል አይደለም።

"ደረቅ ምግብ ጥርስ ያጸዳል" የሚለውን ግን ተዉት። ለጥርስ ተብሎ በተለየ ቅርጽ ከሚሠራው በስተቀር ተራው ደረቅ ምግብ ያን ያህል አይፈይድም።

ዕድሜዋን ሙሉ ደረቅ ብቻ የበላች ድመት እርጥቡን አሽትታ ፊቷን ልታዞር ትችላለች። አታስርቧት። ድመት በተለይም ወፍራም ከሆነች ሁለት ሦስት ቀን ሳትበላ ከቆየች ስብ ጉበቷ ላይ ይከማችና ለሕይወቷ ያሰጋል። "ሲርባት ትበላለች" ለውሻ ይሠራ ይሆናል፣ ለድመት አይሠራም። ሁለቱን ጎን ለጎን አቅርቡ፣ እርጥቡን ለብ አድርጉት፣ ሳምንታት ይፍጅ።

የኩላሊት ምግብ ወይስ የለመደችው?

ብዙ ክርክር ያለው እዚህ ነው። የኩላሊት ምግብ ፎስፈረሱ ዝቅ ያለ፣ ፕሮቲኑም የተቀነሰ ነው። የኩላሊት በሽታ ባለባቸው ድመቶች ላይ ዕድሜ እንደሚያራዝም በጥናት ታይቷል። በሌላ በኩል ያረጀች ድመት ጡንቻዋን ለመያዝ ፕሮቲን ያስፈልጋታል፤ ከ12 ዓመት በኋላ ብዙዎቹ ፕሮቲንና ስብ የመፍጨት አቅማቸውም ይቀንሳል። ስለዚህ ኩላሊቷ ደህና የሆነች አሮጊት ድመት "ለጥንቃቄ" ተብሎ ፕሮቲን ሊቀነስባት አይገባም። ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

የኩላሊት በሽታ በአራት ደረጃ ይከፈላል። በመጀመሪያው ደረጃ ብዙውን ጊዜ ውሃዋን ማብዛትና መከታተል ይበቃል። ከሁለተኛው ጀምሮ ምግቡ ዋጋ አለው፤ በሦስተኛው የግድ ይሆናል። እምቢ ካለችስ? ያልበላችው የኩላሊት ምግብ ለኩላሊቷ ምንም አይጠቅምም። ያን ጊዜ ሁለተኛው መንገድ የለመደችውን እርጥብ ምግብ መስጠትና ፎስፈረስን አንጀት ውስጥ የሚይዝ ዱቄት መቀላቀል ነው። እንደ ምግቡ ባይሆንም ከምንም በእጅጉ ይሻላል። ዱቄቱ የሚሠራው ከምግቡ ጋር ሲገባ ብቻ ነው፤ ለብቻው በባዶ ሆድ ቢሰጥ ከንቱ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አዲሱን ምግብ እያቅለሸለሻት ሳለ ወይም ክሊኒክ ተኝታ ሳለ አታስጀምሯት። ምግቡን ከማቅለሽለሹ ጋር አያይዛ ለዘላለም ትጠላዋለች። መጀመሪያ ማቅለሽለሹ ይታከም። የምግብ ፍላጎት ለሚከፍተው ሚርታዛፒን ደግሞ ከክኒኑ ሌላ ጆሮ ውስጠኛ ቆዳ ላይ የሚቀባ ቅባት አለ። ክኒን ለምትተፋ ድመት ትልቅ እፎይታ ነው።

ፈሳሹ ክሊኒክ ይሰጥ ወይስ ቤት?

ኩላሊቷ ሲደክም የምትሸናውን ያህል መጠጣት ያቅታታል። ያን ጊዜ ሐኪሙ ከቆዳ ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ያዛል፤ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር፣ በየቀኑ ወይም በየሁለት ሦስት ቀኑ። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ልቧ የታመመ ድመት ፈሳሽ ሲበዛባት ሳንባዋ አካባቢ ይጠራቀማልና።

ክሊኒክ ቢሰጥ እጅ የለመደ ባለሙያ ይወጋታል፣ በየጊዜውም ትታያለች። ግን በሳምንት ሦስቴ ሣጥን ውስጥ መግባት፣ መኪና፣ የውሻ ጩኸት። ለብዙ ድመቶች መርፌው ሳይሆን መንገዱ ነው የሚከብደው።

ቤት ሲሆን እንዲህ ነው። ከረጢቱ ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ ከዚያ በፊት ሙቅ ውሃ ውስጥ ተደርጎ ለብ ይላል። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ቆዳ ሥር ሲገባ ማን ዝም ብሎ ይቀመጣል? ትከሻዋ መሀል ያለው ልል ቆዳ እንደ ድንኳን ይነሣል፣ መርፌው ከሥሩ ይገባል። አምስት አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ፈሳሹ እብጠት ሆኖ ይቆይና ወደ አንድ በኩል ሊወርድ ይችላል፤ በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። ጸጉሩ ከራሰ መርፌው በሌላ በኩል ወጥቷል ማለት ነው። መርፌው በየጊዜው አዲስ ይሁን፤ የደነዘ መርፌ ያማል።

የእኔ ምርጫ ቤት ነው፤ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክሊኒክ ሄዳችሁ እያያችሁ ልመዱት። ድመቷ ጨርሶ የማትያዝ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ፈሳሹን አይታችሁ ስትደበቅ፣ እናንተን ስትሸሽ ካያችሁ ጥቅሙን ከጉዳቱ ጋር ከሐኪሙ ጋር እንደገና መዝኑት።

ታይሮይድ፦ አራት መንገድ

ትበላለች፣ ትከሳለች። ሌሊት ትጮኻለች። ጸጉሯ ይንጨፈረራል፣ ልቧ ይዘላል። አንዳንዴ ከወጣትነቷ የበለጠ ንቁ ስለምትሆን ሰው "ጤናዋ ተመለሰ" ብሎ ይደሰታል። አማራጮቹ እነሆ።

ራዲዮአክቲቭ አዮዲን አንድ መርፌ ነው። አዮዲኑ ወደ ታመመው እጢ ብቻ ሄዶ ያቃጥለዋል፤ ከመቶ 95 ያህሉ በአንድ ጊዜ ይድናሉ። ማደንዘዣ የለው፣ ዕድሜ ልክ ክኒን የለው። ችግሩ ሦስት ነው። ልዩ ፈቃድ ያለው ማዕከል ይፈልጋል፣ መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ገንዘብ ከባድ ነው፣ ድመቷም እንደየአገሩ ሕግ ከጥቂት ቀናት እስከ ሳምንታት ተለይታ ትቆያለች። ቤት ከተመለሰችም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ አብሯት መተኛትና ሽንቷን በባዶ እጅ መንካት የለም።

ሜቲማዞል የሚባለው መድኃኒት የታይሮይዱን ሆርሞን ያወርዳል እንጂ እጢውን አያድንም። እጢው ማደጉን ይቀጥላል፤ መጠኑ ከዓመት ዓመት ሊጨምር ይችላል። ብዙውን ጊዜ በቀን ሁለቴ ይሰጣል፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥም ደም ይታያል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማስመለስ ሊኖር ይችላል። ፊቷንና አንገቷን እስኪቆስል ካከከች መድኃኒቱን አቁማችሁ ሐኪም ጋ ደውሉ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በየትም ይገኛል፣ ካልተስማማ ይቆማል።

እዚያው ሜቲማዞል ውስጥ ሌላ ምርጫ አለ፤ ክኒን ወይስ የጆሮ ጄል? ክኒኑ መጠኑ አስተማማኝ ነው። ጄሉ ሆድን አይረብሽም፣ ትግልም የለውም። ጓንት አድርጋችሁ ጸጉር የሌለው የጆሮዋ ውስጠኛ ክፍል ላይ በስሱ ትቀባላችሁ፤ ጠዋት ቀኝ ከሆነ ማታ ግራ። በሚቀጥለው ጊዜ የቀረውን ቅርፊት ጠርጋችሁ። ያለ ጓንት ከቀባችሁ መድኃኒቱ በእናንተ ቆዳ ይገባል። ነፍሰ ጡር ሴት ክኒኑንም ሆነ ጄሉን ባትነካ ይመረጣል። ጄሉ የሚሠራው ቀስ ብሎ ነው፤ ሆርሞኑ በሚፈለገው ልክ የማይወርድላቸው ድመቶችም አሉ። በቀን ሁለቴ ከድመት ጋር ከመታገል ግን ጄሉን ሞክሩ እላለሁ።

ቀዶ ሕክምናም ያድናል። ነገር ግን ልቧ የሚዘልን አሮጊት ድመት ማደንዘዝ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ በመድኃኒት መረጋጋት አለባት። ከታይሮይዱ ጎን ያሉት ትናንሽ እጢዎች ከተጎዱ የደሟ ካልሲየም ይወድቃል። አዮዲኑ በማይገኝበት ቦታ ጥሩ እጅ ያለው ቀዳጅ ካለ ዋጋ አለው።

አራተኛው አዮዲኑ እጅግ የተቀነሰ ምግብ ነው። እሱን ብቻ፣ እሱን ብቻ መብላት አለባት። ከሌላው ድመት ሳህን አንድ ጉርሻ፣ ከእናንተ ማዕድ ትንሽ ዓሣ፣ ያደነቻት አንዲት አይጥ፤ አለቀ። ቤት ውስጥ ብቻዋን ለምትኖር፣ ክኒንም ጄልም ለማትቀበል ድመት ብቻ ነው የማስበው።

ዕድሜዋ 11 ወይም 12 ሆኖ ኩላሊቷ ደህና ከሆነና ማዕከሉ ካለ አዮዲኑን ምረጡ። የዓመታት መድኃኒትና የደም ምርመራ ሲደመር ገንዘቡም ብዙም አይራራቅም። ዕድሜዋ 17 ሆኖ ሌላ በሽታ ካለባት ጄሉ ይበቃል።

ኩላሊቷን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የበዛው ሆርሞን ደም ወደ ኩላሊት በኃይል ስለሚገፋ የደከመ ኩላሊት ደህና ይመስላል። ታይሮይዱ ሲታከም ድካሙ ይገለጣል። ሰዎች "መድኃኒቱ ኩላሊቷን ገደለው" የሚሉት ይህንን ነው። የተደበቀው ነው የወጣው። ብዙ ሐኪሞች ወደማይመለሰው ሕክምና ከመሄዳቸው በፊት ለጥቂት ሳምንታት ሜቲማዞል ሰጥተው ኩላሊቷ ምን እንደሚል የሚያዩት ለዚህ ነው።

መገጣጠሚያ፦ ዝም ያለው ሕመም

ከ12 ዓመት በላይ ከሆኑ ድመቶች 90 በመቶ ያህሉ በራጅ ላይ የመገጣጠሚያ መበላሸት እንደታየባቸው አንድ የታወቀ ጥናት አሳይቷል። ግን ስንት ድመት ስታነክስ አይታችኋል? ድመት አታነክስም፣ ትተዋለች። መስኮቱን ትተዋለች፣ ወገቧን መላስ ትተዋለች፣ ጥፍሯ ያለ ልክ ያድጋል፣ ከአሸዋ ሣጥኗ ጎን ትሸናለች።

የሕመም መለኪያ ስትፈልጉ የፊት ገጽታ መለኪያ ታገኛላችሁ፤ በሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ነው። ጆሮ፣ ዐይን፣ አፍንጫና አፍ አካባቢ፣ ጺምና የጭንቅላት አቀማመጥ ይታያል። ጥሩ ነው፣ ግን የተሠራው ለድንገተኛ ሕመም ነው። ለመገጣጠሚያ በስልካችሁ ወንበር ላይ ስትወጣና ስትወርድ፣ ደረጃ ስትሄድ የቀረጻችሁት ቪዲዮ ይበልጣል። ሐኪሙ ጋ ስትደርስ ፈርታ ስለምትደርቅ ምንም አያይም።

ከመድኃኒቶቹ ሜሎክሲካም ዋጋው ቀላል ነው፣ ፈሳሽ ስለሆነም ምግብ ላይ ይንጠባጠባል። በአውሮፓ በአነስተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ እንዲሰጥ ተፈቅዷል። በአሜሪካ ደግሞ ደጋግሞ መስጠት ኩላሊት ሊያደክምና ሊገድል እንደሚችል ማሸጊያው ላይ ማስጠንቀቂያ አለው። አንድ መድኃኒት፣ ሁለት አመለካከት። ኩላሊቷ ደህና ከሆነ፣ ደሟ በየጊዜው ከታየ፣ የምትበላና የምትጠጣ ከሆነ ሊታሰብ ይችላል። መብላት ባቆመችበት ቀን ግን አይሰጥም።

ፍሩኔቬትማብ በወር አንዴ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ነው። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2021፣ አሜሪካ በጥር 2022 ፈቀዱት። የሕመም ምልክት የሚያስተላልፈውን ፕሮቲን ይይዛል፤ እንደ ሜሎክሲካም ኩላሊት ላይ ጫና አያበዛም። በየቀኑ ክኒን የለም። ማስመለስና የቆዳ ማሳከክ ሊያመጣ ይችላል፤ የኩላሊት በሽታቸው በገፋ ድመቶች ላይ ያለው መረጃም ትንሽ ነው። ኩላሊቷ ትንሽ ለደከመ ድመት ከሜሎክሲካም በፊት እሱን እጠይቃለሁ።

ጋባፔንቲን ያስታግሳል፣ ግን ያንገዳግዳል፣ ያስተኛል። ኩላሊቷ የደከመ ከሆነ መጠኑ ይቀንሳል። ወደ ሐኪም ከመሄድ በፊት ለሚፈጠር ጭንቀት ግን ሸጋ ነው።

ሦስቱንም ሳትጀምሩ የምታደርጉት አለ። መግቢያው ከ10 ሳንቲሜትር ያልበለጠ የአሸዋ ሣጥን፣ ሶፋው ሥር መወጣጫ፣ ሙቅ መኝታ፣ ምግብና ውሃ በምትውልበት ፎቅ። ኦሜጋ 3 ይረዳል፤ ለመገጣጠሚያ ተብሎ ለሚሸጠው ማሟያ ለግሉኮሳሚን ያለው ማስረጃ ደካማ ስለሆነ ገንዘባችሁን ለመወጣጫው አውሉት። የሰው ማስታገሻ በፍጹም! አንዲት የፓራሲታሞል ክኒን ድመትን ልትገድል ትችላለች። አይቡፕሮፌንም እንዲሁ መርዟ ነው።

ጥርስ፣ ግፊትና ስኳር ባጭሩ

ጥርስ በማደንዘዣ ይታጠብ ወይስ ያለ ማደንዘዣ? በማደንዘዣ። ያለ ማደንዘዣ የሚደረገው የሚታየውን ብቻ ነው የሚፍቀው፤ በሽታው ድድ ሥር ነው። "አርጅታለች፣ ማደንዘዣ አይሆናትም" የሚለው በደም ምርመራና በልብ ምርመራ እንጂ በዕድሜ አይወሰንም።

የደም ግፊት ላይ ብዙ ምርጫ አያስጨንቅም። የላይኛው ቁጥር ከ160 በላይ ደጋግሞ ከተገኘ አምሎዲፒን የሚባለው የግፊት መድኃኒት በቀን አንዴ፣ በጣም ትንሽ ቁራጭ። ያልታከመ ግፊት በአንድ ሌሊት ዐይን ሊያጠፋ ይችላል።

ስኳር ላይ ግን ምርጫው አዲስ ነው። ኢንሱሊን በቀን ሁለቴ ይወጋል፤ ቶሎ ተጀምሮ ካርቦሃይድሬቱ ዝቅ ካለ ምግብ ጋር ሲሄድ አንዳንድ ድመቶች ያለ መድኃኒት መኖር ይጀምራሉ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በቀን አንዴ በአፍ የሚሰጡ አሉ፤ ቤክሳግሊፍሎዚንና ቬላግሊፍሎዚን። መርፌ ለሚፈራ ሰው ያጓጓሉ። ግን ከዚህ በፊት ኢንሱሊን ለወሰደች ድመት አይደሉም። ስኳሯ ልክ ሆኖ እንኳ ሰውነቷ ስብ ሲያቃጥል በሚወጣው ኬቶን ደሟ ሊመረዝ ስለሚችል መብላት ያቆመች ወይም የተልፈሰፈሰች ቀን ነገ የሚባል ነገር የለም፤ ወዲያው ሐኪም ጋ።

ሁሉም ባንዴ ሲመጣ

የ16 ዓመት ድመት ታይሮይድ፣ ኩላሊት፣ ግፊትና መገጣጠሚያ ባንዴ ሊኖርባት ይችላል። ዝርዝሩ ስምንት መድኃኒት ሲደርስ ድመቷ ከአልጋ ሥር አትወጣም፣ ምግብ ውስጥ የተደበቀ ነገር ስለለመደች ምግቡንም ትጠረጥራለች። ያን ጊዜ ማስቀረት ራሱ ምርጫ ነው።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የማስወጣው ቪታሚንና ማሟያውን ነው። ቀጥሎ መራራውን ወይም የሚያጣላንን በጄል፣ በቅባት ወይም በወርኃዊ መርፌ እተካለሁ። አምሎዲፒንና የታይሮይድ መድኃኒቱ ይቆያሉ፤ መብላቷን የሚጠብቅላት ነገርም ይቆያል። የኩላሊት ምግቡ ከመብላት ጋር ከተጣላ መብላት ይቅደም። ሐኪማችሁንም በግልጽ ጠይቁ፤ "ከእነዚህ ሦስቱን ብቻ መስጠት ብችል የትኞቹን ይመርጣሉ?" ብላችሁ። ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቆጣም። ሳትጠይቁ ግን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ በተለይ ስቴሮይድና ኢንሱሊን በድንገት አይቆሙም።